ነጭ ቡችላ፣ ነጭ ጸጉር እና የልጅዎ ጆሮ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበሬው በሬውን በመልኩ ይጠራል፦ ቡሬ፣ ጉራች፣ ዳልቻ፣ ግንባሩ ነጭ የሆነውን ደግሞ ቦራ። በአንዳንድ እንስሳት ግን ነጭ መልክ ከመስማት ጋር ይያያዛል።

ቻርልስ ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ዓይናቸው ሰማያዊ የሆኑ ድመቶች እንደማይሰሙ ጻፈ። በአሜሪካ በተመረመሩ ዳልማሺያን በሚባሉ ነጭ ውሾች ደግሞ ከ100 ቡችሎች 30 ያህሉ በአንድ ወይም በሁለቱም ጆሯቸው አይሰሙም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ለጸጉርና ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት በጽንስ ጊዜ ወደ ውስጠኛው ጆሮም ይሄዳሉ። እዚያ ካልደረሱ ጆሮው አይሰማም።

በ1951 እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም ዋርደንበርግ ይህንኑ በሰው ላይ ገለጸ፦ ከግንባር በላይ ነጭ ጸጉር፣ ደማቅ ሰማያዊ ወይም ቀለማቸው የተለያየ ዓይኖች፣ አንዳንዴም ከልደት ጀምሮ አለመስማት። ችግሩ በዘር የሚመጣ ነው፤ እርግማን አይደለም፣ የእናትም ጥፋት አይደለም።

እነዚህ ምልክቶች ያሉት ልጅ ሁሉ መስማት አይሳነውም። ቢሆንም በ1 ወሩ ጆሮውን ያስመርምሩ፤ ችግር ካለ በ3 ወሩ ይረጋገጥ፣ በ6 ወሩ እርዳታ ይጀመር። ጊዜው ካለፈም ዛሬውኑ ይውሰዱት። «ሲያድግ ይናገራል» ብለው አይጠብቁ።