የስዌንሰን ድንቢጥ

ፓሰር ስዌንሶኒ፤ ርዝመት 16 ሳንቲ ሜትር ያህል

ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ እስከ ደባርቅ አውድማዎች ድረስ ከሰው የማትርቀው ድንቢጥ ይህች ናት። ራሷና ደረቷ ግራጫ፣ ክንፏና ከጅራቷ በላይ ያለው ጀርባዋ የሸክላ መልክ ያለው ቡናማ ነው። በአውሮፓና በእስያ ከተሞች የሚኖረው የቤት ድንቢጥ ወንዱ በጥቁር ጉሮሮው ከሴቷ ይለያል፤ በእኛዎቹ ግን ወንዱንና ሴቷን በላባቸው መለየት ያስቸግራል።

አጭርና ወፍራም ምንቃሯን ልብ ይበሉ፤ የገብስና የስንዴ ፍሬ የምትፈለፍለው በእሱ ነው። ገበሬ በአዝመራ ወቅት ቢያባርራት አይፈረድበትም። ጫጩቶቿን የምታሳድገው ግን ትልና ነፍሳት እየለቀመች ስለሆነ ውለታዋ ሊዘነጋ አይገባም። ጎጆዋን በሣር ክዳን ሥር፣ በግንብ ስንጥቅ ወይም ሌላ ወፍ በተወው ጎጆ ውስጥ በሣርና በላባ ትሠራለች።

ዝርያዋን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 የሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን የጎበኘው የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ስያሜውን ለእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪና ሠዓሊ ዊልያም ስዌንሰን መታሰቢያ አደረገው። ከኤርትራ እስከ ሰሜን ኬንያ ትገኛለች፤ ዋና አገሯ ግን የኢትዮጵያ ደጋ ነው።