ድፍድፍ ነዳጅን ከውኃ የሚለዩ ኬሚካሎች

ድፍድፍ ነዳጅ ከጉድጓድ ሲወጣ ጨዋማ ውኃ፣ ጋዝና ደቃቅ አሸዋ ይዞ ነው። ጋዙና አሸዋው ለመለየት ብዙም አያስቸግሩም፤ አስቸጋሪው በዘይቱ ውስጥ ጠብታ ጠብታ ሆኖ የተበተነው ውኃ ነው። ይህን ውኃ አሰባስቦ ወደ ታች እንዲዘቅጥ የሚያደርገው ኬሚካል ዲኢመልሲፋየር ይባላል።

ዘይትና ውኃ ተቀምጠው ከዋሉ ራሳቸው ይለያያሉ። ነገር ግን በፓምፕና በቫልቭ ሲያልፉ ይናጣሉ፤ ውኃው ይደቅቃል፤ በድፍድፉ ውስጥ ያለው አስፋልቲን፣ ሙጫና ሰም እያንዳንዱን ጠብታ በስስ ቆዳ ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ ጠብታዎቹ ቢጋጩም አይዋሐዱም። ነገሩ ለሐረርጌ ቆላ ሰው እንግዳ አይደለም። የላም ወተት ሲናጥ ቅቤውን ይሰጣል፤ የግመል ወተት ግን የስቡ እንክብሎች ደቃቅ፣ ሽፋናቸውም ጠንካራ ስለሆነ በቀላሉ እሺ አይልም። ልዩነቱ፣ በወተቱ የተበተነው ስቡ ሲሆን በድፍድፉ ደግሞ ውኃው መሆኑ ነው።

የኬሚካሉ ሞለኪውል አንዱ ወገኑ ውኃን፣ ሌላው ዘይትን ይወዳል። ወደ ጠብታው ገጽ ሄዶ አስፋልቲኑን ያፈናቅላል፤ ቆዳው ሲሳሳ ጠብታዎቹ ተዋሕደው ያድጋሉ። በስቶክስ ሕግ መሠረት የጠብታው ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ የመዝቀጡ ፍጥነት አራት እጥፍ ይሆናል። ማሞቅም ዘይቱን ስለሚያቀጥነው ያግዛል። የሚጨመረው መጠን ትንሽ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከጥቂት እስከ ጥቂት መቶ እጅ። ሲበዛ ግን ራሱ ኬሚካሉ ጠብታዎቹን መልሶ ሊያጸናቸው ይችላል። ለአንዱ ጉድጓድ የሠራው ለሌላው ላይሠራ ስለሚችል ባለሙያዎች ናሙናውን በጠርሙስ ቀድተው የተለያየ ኬሚካል ጠብ እያደረጉ ውኃው የሚወርድበትን ሰዓት ይቆጥራሉ። የጠርሙስ ፍተሻ ጥንታዊ ቢመስልም እስከ ዛሬ የሚተካው አልተገኘም ማለት ይቻላል።

ሥራውን ወደ ንግድ ያሸጋገረው አሜሪካዊው ዊልያም ባርኒክል ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. በብረት ሰልፌት ድፍድፍን የማጣራት ፈጠራውን በፓተንት አስመዘገበ፤ ኋላም ወደ ሳሙና መሰል ኬሚካሎች ዞረ። ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ከኤቲሊን ኦክሳይድና ከፕሮፒሊን ኦክሳይድ የሚሠሩ ፖሊመሮች ናቸው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚነሳው ከኦጋዴን ጋር ነው። የካሉብና የሂላላ ጉድጓዶች በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአሜሪካው ቴኔኮ ሲቆፈሩ፣ አካባቢው መናገሻው ሐረር በሆነው በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። በሰኔ 2010 ዓ.ም. የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል በሂላላ የድፍድፍ ሙከራ ሲጀምር በቀን 450 በርሜል እንደሚወጣ ተነገረ፤ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ግን የኩባንያው ውል ተቋረጠ። እንዲህ ያለ አኀዝ ሲነገር ውኃው ተቀንሶ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሚሆን ውኃና ዝቃጭ ቢታገሡም ሒሳቡን የሚከፍሉት ለዘይቱ ብቻ ነው፤ 159 ሊትር በሚይዘው በርሜል 1 በመቶ ውኃ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ነው።