ስሙ የተፋቀ ባስ

በሀገራችን አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት የብራና መጽሐፍ እየገለጠ የሚመረምር ሰው ከመጀመሪያ ትምህርቶቹ አንዱ ስም አለማመን ነው። ዳዊቱን ያስጻፈው ሰው ስም በቢላ ተፍቆ፣ በፍቀቱ ላይ የኋለኛው ባለቤት ስም ገብቶ ይገኛል። ስለዚህ መርማሪው ስሙን ለጊዜው ወደ ጎን ያደርግና የፊደሉን አጣጣል፣ የመስመሩን አሰማመር፣ የድጉሱን አሠራር ያያል። በጸሎቱ መካከል ንጉሥ ወይም ጳጳስ ተጠርቶ እንደሆነ ይፈልጋል። ጸሐፊው ሳያስበው የተወው ምልክት፣ አስቦ ከጻፈው ይልቅ ይታመናል።

በመንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ሆኖ ይህን ዘዴ ወደ ኤሌክትሪክ ባስ ጊታር ማምጣት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የመንዝ ሰው ለወፍራም ድምፅ ባዳ አይደለም። አሥሩ የበገና አውታር የሚፈተለው ከበግ አንጀት ነው፤ በግ ደግሞ የመንዝ ሀብት ነው። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራዋ፣ ያን የሚያንሾካሹክ ድምፅ ትሰጠዋለች፤ በዐቢይ ጾም የሚሰማው እሱ ነው። ባስ ጊታር የመጣው ብዙ ዘመን ዘግይቶ ነው። ሲመጣም በአብዛኛው ዓለም ሰው እጅ የገባው ዋናው ሳይሆን ቅጂው ነበር።

ዋናው የቱ እንደሆነ ካልታወቀ ቅጂውን መለየት አይቻልም። አሜሪካዊው ፖል ታትማርክ በሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ፍሬት ያለው የኤሌክትሪክ ባስ ሠርቶ ነበር፤ ገበያ ግን አላገኘም። የገበያው ሰው ሊዮ ፌንደር ነው። በካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ የነበረው ይህ የሬዲዮ ጠጋኝ እ.ኤ.አ. በ1951 መጨረሻ «ፕሪሲዥን ባስ» የተባለውን አወጣ። ከድልድዩ እስከ አንገቱ ጫፍ ያለው የሽቦ ርዝመት 34 ኢንች ነበር፤ በሜትር ሲለካ 86.36 ሳንቲም መሆኑ ነው። መሣሪያው ከዚያ በኋላ ባለበት አልቆመም። በ1957 የድምፅ ማንሻው፣ ተጫዋቾች ፒክአፕ የሚሉት፣ ለሁለት ተከፍሎ ተቀመጠ፤ የጊታሩ ራስም ቅርጹን ለወጠ። በ1960 ወገቡ የዘመመ «ጃዝ ባስ» ተከተለ። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 1965 ደግሞ ፋብሪካው በ13 ሚሊዮን ዶላር ለሲቢኤስ ኩባንያ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ለሀገራችን አንባቢ ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያ ጥር 5 በእኛ ታኅሣሥ 27 ቀን 1957 ነው። ሻጭ «የ57 ባስ ነው» ሲል በየትኛው አቆጣጠር እንደተናገረ መጠየቅ ግድ ይላል። በአውሮፓ 1957 የተሠራ ባስ እና በኛ 1957 የተሠራ ባስ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ገደል አለ። የገንዘቡ ገደል ከዓመቱም ይሰፋል፤ ሰብሳቢዎች ከሽያጩ በፊት ለወጡት የሚከፍሉት ዋጋ ከዚያ በኋላ ለወጡት ከሚከፍሉት ጋር አይወዳደርምና።

የሙዚቃችን መሣሪያ ታሪክም በራሱ ቀን ይሄዳል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1916 ዓ.ም. ነው። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ባንዱን መሠረት ጣሉ። በዚያ ባንድ ውስጥ የወፍራሙ ድምፅ ሥራ የትልቁ ጥሩምባ ነበር። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ሁሉም የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቆሙ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ትንንሽ ባንዶች በሆቴልና በምሽት ክበብ ሲበዙ ጥሩምባው ለአራት ሽቦ ቦታ ለቀቀ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መሆኑን እያወቀ የራሱን ማሳተሚያ ሲከፍት፣ የኤሌክትሪክ ባስ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ወለል ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ በአይቤክስ፣ ኋላም ሮሃ በተባለው ባንድ የጆቫኒ ሪኮ፣ በዋልያስ ባንድ የመላከ ገብሬ ባስ መጣ። (ዋልያና አይቤክስ አንድ እንስሳ መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ሁለት ተፎካካሪ ባንዶች በአንድ ፍየል ስም ተጠርተዋል።) ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው «ቼ በለው» አልበም ውስጥ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» የሰማ ሰው ባስ በእኛ ሙዚቃ ምን ያህል ተሸካሚ ምሰሶ እንደሆነ ማስረጃ አይፈልግም።

የቅጂዎቹ ፋብሪካ ጃፓን ነበረች። እ.ኤ.አ. እስከ 1971 አንድ ዶላር 360 የን ይመነዘር ስለነበር የጃፓን ዕቃ በውጭ ገበያ ርካሽ ሆኖ ቆይቷል። በማትሱሞቶ ፉጂጄንና ማትሱሞኩ፣ በሃማማትሱ ቶካይ ነበሩ። አስመጪዎቹና ነጋዴዎቹ በነዚህ ፋብሪካዎች እያሠሩ የፈለጉትን ስም ራሱ ላይ ያስለጥፉ ነበር፤ ሆሺኖ «አይባኔዝ»፣ ካንዳ ሾካይ «ግሬኮ» ይሉታል። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ የሠራው አንድ ባስ በተለያየ ገበያ በተለያየ ስም ይወጣል። ከተፋቀው ዳዊት ጋር ያመሳሰልኩት ለዚህ ነው። የቶካይ ብልሃት ከሁሉም ያስቃል። የፕሪሲዥኑን ቅጂ «ሃርድ ፓንቸር»፣ የጃዝ ባሱን «ጃዝ ሳውንድ» ብሎ ሰይሞ፣ ስሙን በፌንደር የእጅ ጽሕፈት አጣጣል አስጻፈው። ከመድረክ በታች የቆመ ሰው የሚያነበው ቃሉን ሳይሆን የጽሕፈቱን ቅርጽ ነው።

እነዚህን የጃፓን ቅጂዎች ሻጮች «የክስ ዘመን» ዕቃ ይሏቸዋል። አባባሉ የጥንት ግርማ ስለሚሰጥ ዋጋ ይጨምራል፤ መዝገቡ ግን እንዲህ አይልም። ክስ የነበረው አንድ ነው። የጊታር ሠሪው የጊብሰን ባለቤት የሆነው ኖርሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1977፣ በእኛ ሰኔ 21 ቀን 1969፣ የሆሺኖ የአሜሪካ ወኪል የሆነውን ኤልገርን ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክርክሩ የጊታሩን ራስ ቅርጽ የሚመለከት ነበር። ከሳሹ ፌንደር አልነበረም፤ የተከሰሰውም ባስ አልነበረም። አይባኔዝ ክሱ ከመቅረቡ በፊት የጊታሩን ራስ ወደ ሌላ ቅርጽ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ጉዳዩም በ1978 በስምምነት ተዘጋ፤ ፍርድ አልተሰጠበትም። ስለዚህ በአንድ የባስ ቅጂ ላይ «የክስ ዘመን» የሚል ማስታወቂያ ካየሁ የምማረው ስለ ባሱ ሳይሆን ስለ ሻጩ ነው።

እንግዲህ ባሱ ጠረጴዛ ላይ ይጋደም። የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። አንዳንድ ርካሽ ቅጂ ከ34 ኢንች ያነሰ ሽቦ ይዞ ይገኛል፤ ጀርመን ሠራሹ የሆፍነር ቫዮሊን መሰል ባስ ደግሞ ከመነሻው 30 ኢንች ያህል ነው፤ የእሱ ቅጂዎችም የራሳቸው ዘር ናቸው። ቀጥሎ ብሎኑ ይፈተሻል። የአሜሪካው በኢንች፣ የጃፓኑ በሚሊሜትር የተሠራ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በግድ ከተጠመዘዘ ጥርሱን ይበላዋል። ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻዎቹ፣ ቮልዩም የሚባሉት፣ በጃፓኑ ዕቃ ትንንሽ ናቸው። የአካሉ ጣውላም ሽቦ በሚያልፍበት ጉድጓድ ውስጥ ቀለም ሳይነካው ይታያል። እዚያ ንብርብር ሆኖ የተጣበቀ ጣውላ ካለ ክርክሩ አለቀ፤ ፌንደር የሚሠራው ከድፍን እንጨት ነበርና። አንገቱን ከአካሉ ጋር የሚያስረው የብረት ሳህን ላይ አንገቱ በብረት የተጠናከረ መሆኑን የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከተገኘ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የጃፓን ዕቃ ልማድ ነው።

ቀኑን ለማወቅ ግን መፍታት ይጠይቃል። በፌንደር ዕቃ የአንገቱ ሥር፣ አካሉ ውስጥ ተቀብሮ የሚቀመጠው ክፍል፣ በእርሳስ ወይም በማኅተም ቀን ይይዛል፤ ማንም ደንበኛ እንዲያነበው የተጻፈ አይደለም። የተራ ቁጥሩ ደግሞ እስከ 1976 በአብዛኛው በአንገት ሳህኑ ላይ፣ ከዚያ ወዲህ በራሱ ላይ ይታተማል። የሳህኑ ቁጥር ተራውን እንጂ ቀኑን አይሰጥም፤ ሳህኑም ብሎኖቹ ተፈትተው ሌላ ባስ ላይ ይገጠማል። ከሁሉ የሚታመነው በኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ጀርባ የታተመው ቁጥር ነው። 1377642 ከሆነ 137 የሠራውን ኩባንያ፣ 76 ዓመቱን፣ 42 ሳምንቱን ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ጥቅምት አጋማሽ ገደማ። ባሱ ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ ሊሰበሰብ አይችልም። ዘግይቶ ግን ሊሰበሰብ ይችላል፤ ክፍሉ በመጋዘን ብዙ ወር ቆይቶ ይሆናልና። አይባኔዝ ከ1975 ወዲህ አንባቢውን አላስቸገረም፤ ፊደሉ ወሩን፣ ሁለቱ ቁጥሮች ዓመቱን ያሳያሉ። ኤፍ ብሎ 76 ከጀመረ ሰኔ 1976 ነው።

የሀገራችን መርማሪ እዚህ ላይ የራሱ ወጥመድ አለበት። የተበላሸን ቮልዩም ሬዲዮ ጠጋኝ በእጁ ባለው የሬዲዮ ክፍል ይተካዋል፤ ቀኑ የጥገናው እንጂ የባሱ አይሆንም። መፍትሔው ብየዳውን ማየት ነው። የፋብሪካው ቆርቆሮ ጠብታ ከጠጋኙ ጠብታ በድምቀቱና በአቀማመጡ ይለያል፤ ሁለት እጅ ካየሁ ዘግይቶ የመጣውን ክፍል ከምስክርነት አወጣዋለሁ። ፈረንጆቹ «ሁሉም ክፍል የመጀመሪያው ይሁን» ይላሉ፤ ለእኔ ግን ጥገናው ራሱ ሰነድ ነው። አንድ ባስ መድረክ ላይ ምን ያህል ዕድሜ እንዳገለገለ የሚነግረኝ እሱ ነው።

ሌላው የሀገር ሰነድ ወረቀት ነው፣ ይህ ደግሞ አሜሪካኖቹ ዘንድ የለም። ባሱ የተጫዋቹ የግል ሀብት ያልሆነበት ዘመን ረጅም ነው። የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ባንዶች፣ ቴአትር ቤቶቹ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ከቀበሌ ጀምሮ የተደራጁት የኪነት ቡድኖች የሚጫወቱት በመንግሥት ወይም በማኅበር ዕቃ ነበር። የመንግሥት ዕቃ ያለ ሰነድ አይገባም። ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል፤ የንብረት ቁጥሩም በቀለም ዕቃው ላይ ይጻፋል። ከጊታሩ ጀርባ ያለውን ያን ቀለም ብዙ ሰው እንደ ቆሻሻ ያየዋል፤ ፍቆም ይሸጠዋል። የተፋቀው ግን ከራሱ ላይ ካለው ስም የሚበልጥ ምስክር ነበር። ሞዴል 19 ባሱ የተሠራበትን ቀን አይናገርም፤ የሚናገረው ንብረት ክፍል የደረሰበትን ቀን ነው፣ ያውም በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ካኖሩ፣ አንዱን ከቮልዩሙ ጀርባ፣ አንዱን ከወረቀቱ፣ የባሱ የመንገድ ታሪክ በመካከላቸው ይገኛል።

የነገሩ ምፀት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1982 ይመጣል። ፌንደር ሲቀዱበት የነበሩትን ለመርታት ሲል ከእነሱ ጋር ኩባንያ መሠረተ። ከካንዳ ሾካይና ከያማኖ ጋር ሆኖ ፌንደር ጃፓንን አቋቋመ፤ የሚሠራውም ያው ፉጂጄን ነበር። ከዚያ የወጡት የ1957ና የ1962 ባሶች ቅጂዎች ቁጥራቸው «ጄቪ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል፤ እስከ 1984 ገደማ የዘለቁ ናቸው። ቅጂው አሁን በዋናው ስም፣ በዋናው ፈቃድ፣ በቀድሞው ቀጂ እጅ ይሠራል። ትላንት «ሐሰተኛ» የተባለው እጅ ዛሬ ማኅተም ተሰጠው። እነዚህን ዛሬ ሰብሳቢዎች ያሳድዷቸዋል።

የእኛም ቅጂ አለ፤ የሚገርመው ግን ጊታርን ሳይሆን ክራርን ነው የቀዳው። በባህል ምሽት ቤቶች መድረክ ላይ የምናየው ባስ ክራር አካሉ የጊታር እንጨት፣ ቅርጹ የክራር፣ ነፍሱ የፒክአፕ ነው። መቃኛው ከጊታር የመጣ የብረት መቃኛ ነው፤ ጭራው ላይ የኬብል መሰኪያ ይታያል። ይህን የሠራ እጅ ስሙን አይጽፍም፣ ቁጥርም አይሰጠውም። ስለዚህ መርማሪው መቃኛውን ነቅሎ ጀርባውን ማየት፣ ፒክአፑ የማን ሥራ እንደሆነ መለየት አለበት። በጥገና ከገባው በቀር ከክፍሎቹ ሁሉ ዘግይቶ የተሠራው የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ፣ ክራሩ ከዚያ በፊት እንዳልነበረ ይታወቃል።

ሊቁ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ኖሮ የጻፈውን «ሰምና ወርቅ» ያሳተመው ፌንደር በተሸጠበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከገጠመኙ በቀር ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እኔ ግን ራሱ ላይ የተለጠፈ ስም ባየሁ ቁጥር ሰሙን ነው የማየው፤ ብሎን መፍቻዬንም አነሣለሁ።