የስብ አሲድን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ታሪክ፦ ከላቦራቶሪ እስከ ዱቦ

በወላይታ ዞን፣ ከአረካ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ዱቦ ያለው የቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሚያገለግለው ሕዝብ ኑሮው በእንሰት፣ በስኳር ድንችና በበቆሎ ላይ የተመሠረተ ነው። መሬቱ ለምለም ቢሆንም ዝናብ ሲዛባ ረሃብ ይገባል። በእንዲህ ያለው ጊዜ የሕፃኑ ሕይወት በእጅጉ የሚመካው በሰውነቱ የተከማቸው ስብ ወደ ኃይል በመለወጡ ላይ ነው። የዚህም ለውጥ በር ከፋች አሲል ኮኤ ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው የኢንዛይሞች ቤተሰብ ነው።

የምርምሩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1904 ፍራንዝ ክኖፕ የተባለው ጀርመናዊ ያካሄደው ሙከራ ነው። ክኖፕ የፌኒል ምልክት ያለባቸውን የስብ አሲዶች ውሾችን መግቦ ሽንታቸውን በመመርመር፣ ሰንሰለቱ ሁለት ሁለት ካርቦን እየተቆረጠ እንደሚያጥር አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ዩጂን ኬኔዲና አልበርት ሌኒንገር ሂደቱ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ እንደሚከናወን አሳዩ። በ1951 ፌዮዶር ሊነን አሴቲል ኮኤን ለየ፤ በ1964ም የኖቤል ሽልማትን ከኮንራድ ብሎክ ጋር ተጋራ። ኢንዛይሞቹ ተጣርተው የተለዩት በ1950ዎቹ ሲሆን፣ ከቫይታሚን ቢ2 የሚገኝ ረዳት ሞለኪውል ከሌለ እንደማይሠሩ ታወቀ።

በ1967 በጆርጅ ካሂል ቡድን የታተመው ጥናት ደግሞ፣ ረሃብ ሲራዘም አንጎል ከስብ የሚገኙትን ኪቶኖች እንደሚጠቀም አረጋገጠ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመካከለኛ ሰንሰለት አሲል ኮኤ ዲሃይድሮጂኔዝ የውርስ ጉድለት ተለየ። ጉድለቱ ያለበት ሕፃን ጤነኛ መስሎ ይቆያል፤ ሲታመምና መመገብ ሲያቆም ግን የደሙ ስኳር በድንገት ይወርዳል፣ ኪቶኑም የሚጠበቀውን ያህል አይጨምርም።

ለምግብ እጥረት ሕክምና ይህ ታሪክ ትርጉም አለው። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የኃይል ክምችቱ የተሟጠጠ፣ ጉበቱም የተዳከመ በመሆኑ ረጅም የጾም ሰዓት ለሞት ሊዳርገው ይችላል። ኤፍ-75 ወተት በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር የሚሰጠው ስለዚህ ነው። የወተቱ ስብ የሚቀንሰውም፣ ቫይታሚን የሚጨመርበትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሕፃኑ ሲያገግም ደግሞ ስብ ራሱ መድኃኒት ይሆናል። ከ2000 ረሃብ በኋላ ከወላይታ ጋር በሚዋሰነው የሐዲያ ባደዋቾ ወረዳ፣ ከኦቾሎኒና ከዘይት የተዘጋጀ ለምግብነት ዝግጁ ሕክምናዊ ምግብ በቤታቸው እንዲመገቡ የተደረጉ 170 ሕፃናት ተከታትለዋል። በ2002 በላንሴት መጽሔት እንደታተመው 85 በመቶው አገገሙ፤ የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። ይህ ልምድ ሕክምናው ከሆስፒታል አልጋ ወጥቶ ወደ ቤተሰብ እንዲወርድ መንገድ ከፍቷል።

እንግዲህ የደም ስኳሩ ዝቅ ያለ ሕፃን ሲመጣ ፈጥኖ ግሉኮስ መስጠት፣ ቀጥሎም የጾሙን ሰዓት ማሳጠር ከሁሉ ይቀድማል። ሁኔታው ከተደጋገመና ኪቶን ከጠፋ ግን የውርስ ጉድለትን ማሰብ ይገባል።