«የታጠነ»፦ ለፒትድ ውስኪ የሚሆን ቃል

«ፒትድ» የሚባለውን የስኮትላንድ ውስኪ ብዙ ሰው «ጢስ ጢስ የሚል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ «የታጠነ ውስኪ» እንዲባል እፈልጋለሁ። ምክንያቴን ለማስረዳት ከሞያሌ ልጀምር።

በኬንያዋ ሞያሌም ሆነ ከድንበሩ ወዲህ ባለችው ስመ ሞክሼዋ፣ የቦረና ሴቶች ወተት የሚያኖሩበትን ጎርፋ ሳያጥኑ ወተት አይጨምሩበትም። ጎርፋ ከእፅዋት ጭረት ተሰፍቶ የሚሠራ ዕቃ ነው። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የጋመ እንጨት ይገባበታል፤ ይከደንና ይነቀነቃል፤ ጢሱም ውስጡን ሁሉ ይዳስሳል። ፍሙ ተራግፎ ሲጠረግ ዕቃው ለወተት ደረሰ ማለት ነው። ጢሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፤ ኢቲቱ ለሚባለው እርጎም ልዩ ጣዕሙን ይሰጠዋል። አልኮል የማይቀምስ ሰው በሚበዛባት ሞያሌ የጢስን ጣዕም ጠንቅቀው የሚያውቁት እነዚህ ሴቶች ናቸው። የጠላ ጋን በወይራ የሚያጥኑ እናቶችም ሙያቸው ይኸው ነው።

ውስኪ ላይ የሚታጠነው ግን ብቅሉ ነው። ፒት በረግረግ ውስጥ በቅጡ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የእፅዋት ቅሪት ሲሆን፣ ተቆርጦ እንደ ኩበት ይደርቅና ይነዳል። የበቀለው ገብስ የሚደርቀው በዚህ ጢስ ላይ ነው። አይላ የምትባለው ደሴት የታወቀችው በዚህ ነው፤ ላፍሮይግና አርድቤግ እ.ኤ.አ. በ1815፣ ላጋቩሊን በ1816 የተመሠረቱት እዚያ ነው።

«ሲንግል ሞልት»ን ደግሞ «የአንድ ቤት ብቅል» እንበለው፤ ከብቅል ገብስ ብቻ በአንድ ማውጫ ቤት የተሠራ ማለት ነው። ሕጉ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል እንዲቆይ ያዝዛል። ጠርሙሱ ላይ 16 ዓመት ከተጻፈ፣ ውስጡ ካለው ውስኪ ትንሹ 16 ዓመት ቆይቷል።

ሲቀመስ መጀመሪያ አፍን ገርበብ አድርጎ ማሽተት ነው፦ ጢስ፣ የባሕር ጨው፣ የቁስል አዮዲን ይመጣል። ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ውኃ። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ውስኪው በውኃ ሲቀጥን ጓያኮል የተባለው የጢስ ንጥረ ነገር ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል፤ አፍንጫም ቶሎ ያገኘዋል። ዕድሜ ግን ጢሱን ያለዝበዋል። ለጋው ውስኪ ላይ ጉሮሮ የሚይዘው ጢስ፣ በቆየው ላይ ከበርሜሉ ጣፋጭነት ኋላ ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ እኔ የምመርጠውም ይህንኑ ነው።

«መታጠን» ግስ በመሆኑ እንደ ልብ ይረባል፦ በጥቂቱ የታጠነ፣ በደንብ የታጠነ፣ ያልታጠነ። በዚያው በአይላ የቡናሃቨን ውስኪ አብዛኛው ያልታጠነ ነው፤ ጢስ የማይወድ ሰው ከእሱ ቢጀምር ይሻለዋል።