መመለስ ወዴት ነው?

ጎጃም «ተማሪ» ለሚለው ቃል ባዳ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ተማሪ ሲባሉ ቀድሞ የሚታያቸው ደብተር የያዘ ልጅ ሳይሆን ለምድ የደረበ፣ አኩፋዳ ያነገበ፣ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የሩቅ አገር ልጅ ነው። ዋሸራን ወይም ጎንጅን ብሎ ከወሎም ከሸዋም የመጣ የቅኔ ተማሪ ውሻ እየተከላከለ እህል ይለምናል፤ ቀለሙን ሲጨርስ የኔታ ይመርቁታል። ከዚያ ወዲያ ቢሻው አገሩ ይገባል፣ ቢሻው ወደ ሌላ ደብር ይሻገራል። መካከል ላይ እናቱ ብትሞት ሄዶ፣ አልቅሶ ይመጣል። የሚጠይቀው ወረቀት የለም።

ወረቀቱ የመጣው የባሕር ማዶ ትምህርት ሲመጣ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን ያስጨነቃቸው ቪዛ አልነበረም። ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ አሜሪካ ከተላኩት አንዱ ነበሩ። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲጨርሱ ጣሊያን ጦሩን በድንበር አከማችቶ ነበር። እዚያ ልቅር አላሉም፤ አገራቸው ገቡ፤ በጦርነቱም ቁስለኛ አከሙ። በማግስቱ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ለኢትዮጵያ ድጋፍ እንዲያሰባስቡ እንደገና ወደ አሜሪካ ላኳቸው፤ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1940 ዐረፉ። አገር ቤት ከነበሩት የዘመኑ ምሁራን ብዙዎቹ ደግሞ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ አለቁ። ይህን የማነሣው ሙሾ ለማውረድ አይደለም። በዚያ ትውልድ አፍ «ተመለሰ» ሲባል ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ አገሩ ገባ ማለት ነው።

ከነጻነት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካናዳና ወደ አሜሪካ የተላኩት አብዛኞቹ ጨርሰው ተመልሰዋል፤ ሹመት ይጠብቃቸው ስለነበር መመለሱ ጽድቅ ብቻ አልነበረም። የሚያስቸግረው መውጣቱ ነው። ፓስፖርቱ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ዋሱ! የበሩን ቁልፍ የያዘችው አገር ቤት ነበረች።

አብዮቱ ቃሉን ለሁለት ከፈለው። በ1967 ዓ.ም. ከአውሮፓ የተመለሱት የመኢሶን መሪ ኃይሌ ፊዳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ይህን እየሰማ በተማሪ ቪዛ አሜሪካ የተቀመጠ ወጣት ትምህርቱን ቢጨርስ ወዴት ይግባ? የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ኢትዮጵያውያንን በግድ ከመመለስ ታቀበ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ግን ይህን ከጁን 30 ቀን 1980 በፊት ለገቡት ብቻ ወሰነው። ለመቆየት እንጂ ወጥቶ ለመግባት የተሰጠ ፈቃድ አልነበረም። ወላጅ እዚህ ሲሞት ልጅ ዋሽንግተን ላይ ለቅሶ ተቀመጠ።

የዛሬው ሌላ ነው። ቡሬ አጠገብ፣ በቆሎና በርበሬ ከሚመረትበት ገጠር የተወለደ የአክስቴ ልጅ አለ። አሜሪካ ምሕንድስና ተምሮ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ፤ ተማሪ ሲጨርስ የሚሰጠውን የሥራ ፈቃድም አገኘ። (ፈቃዱ ለ12 ወር ነው፤ ለሳይንስና ለምሕንድስና ምሩቅ 24 ወር ሊጨመርለት ይችላል። ይህን ያላገኘ ከትምህርቱ በኋላ ያለው 60 ቀን ነው።) ዘመድ ሁሉ እፎይ አለ። በ2016 ዓ.ም. አባቱ ዐረፉ።

ለሦስት ሳምንት ተደበቀ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፍኖተ ሰላም አንድ ዘመድ ቤት ተሰበሰቡ፤ እሱም ዘንድ ሁለት ያገር ልጆች ቀድመው እንዲገኙ ተደረገ። መርዶ በማለዳ ነውና የእሱን ማለዳ አስልተን በእኛ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በስልክ ተነገረው። ለቅሶው ጋብ ሲል ያለው «አርባውን እደርሳለሁ» ነበር።

እዚህ ላይ ወረቀቱ መጣ። ፓስፖርት ላይ ያለው ቪዛ መግቢያ ነው እንጂ መኖሪያ አይደለም፤ ቀኑ ቢያልፍም ሕጉን ጠብቆ የተቀመጠን ሰው ከዚያ አያስወጣውም። አንዴ አገሩ ከመጣ ግን የሥራ ፈቃዱም፣ የአሠሪው ደብዳቤም ብቻቸውን አያስገቡትም። አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ አዲስ ቪዛ መጠየቅ አለበት፤ 185 ዶላር ይከፍላል፤ ቃለ መጠይቅ ይቀርባል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የተማሪ ቪዛ ጠያቂውን «ይህ ሰው ሊቀር ነው» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ አይደለም ብሎ ማሳመን የጠያቂው ዕዳ ነው። እስቲ አስቡት፤ ከአገርህ ጋር የሚያስተሳስርህ ምንድን ነው ሲባል አባቱ የተቀበሩበት ልጅ ምን ብሎ ይመልስ? ትልቁ ገመድ የተበጠሰው ያን ሰሞን ነው።

እኔ ይምጣ ከሚሉት ወገን ነበርኩ። አጎቶቹ ግን ቁጭ ብለው አሰሉ። ለጉዞው የተሸጡትን በሬዎች፣ በእሱ ገንዘብ የሚማሩትን ታናናሾቹን፣ ውጊያው የዘጋጋውን የቡሬን መንገድ ሳይቀር ቆጠሩ። ታላቁ አጎት ስልኩን ተቀብለው «ሳትመለስ እንዳትቀር፤ ተወው ልጄ» አሉት። ልብ በሉ፤ መመለስ ሲሉ ወደ አሜሪካ ማለታቸው ነው። የገዛ ወንድማቸው መቃብር አጠገብ ቆመው፣ ልጁ ወደ ባዕድ አገር የሚመለስበት መንገድ እንዳይዘጋ ሰጉ። ማንም ቃሉ አልጎረበጠውም፤ እኔንም ያን ዕለት አልጎረበጠኝም።

አርባው እሱ በላከው ገንዘብ ወጣ። ጠላው ተጠመቀ፤ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፤ አክስቴ ፊቷን ነጭታ የልጇን ስም እየጠራች አለቀሰች። ያኔ በአካባቢው ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ተንቀሳቃሽ ምስሉን አንድ የጭነት መኪና ረዳት አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ገባ፤ ከዚያ ተላከለት።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው አብዛኛው የጎብኚና የተማሪ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ወሰነች። በዚህ ደንብ የሚሄድ ተማሪ ገና የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ ቪዛው ያልፋል ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን የሰማ ዕለት ደወለልኝ። የጠየቀኝ ስለ ራሱ አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሙ አሁንም አሜሪካ፣ አሜሪካ ይል እንደሆነ ነው።

ይላል።