ታሽከንት፦ የድንጋይ ከተማና የጎረቤት ማኅበሯ



በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ የተማሩት ታሽከንት በምትባል ከተማ ነው። ከነዚህ አንዱ የሆነው አብሮ አደጌ ሲመለስ «እዚያም እኮ እድር አለ» ቢለኝ ሳቅሁበት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለ ከተማዋ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ግን ሰውየው እንዳልዋሸ ተረዳሁ። ያነበብኩትን ባጭሩ ላካፍላችሁ። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ታሽከንት የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከቲየን ሻን ተራሮች ግርጌ፣ በቺርቺክ ወንዝ ሸለቆ ትገኛለች። በሐምሌ ሐሩሩ ያቃጥላል፣ በጥር በረዶ ይጥላል። ዝናቧ ትንሽ ስለሆነ ከጥንት ጀምሮ የምትኖረው ከወንዝ በተጠለፈ የቦይ ውኃ ነው። ድሮ ቻች ትባል ነበር። ከቻይና ሐር ጭነው ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ነጋዴዎች ያልፉባት ነበር። የዛሬው ስሟ «የድንጋይ ከተማ» ማለት ነው።

በ1865 የሩሲያው ጄኔራል ቼርንያየቭ ከተማዋን ያዘ። ከዚያ ወዲህ አንኮር በሚባለው ቦይ ወዲያና ወዲህ ሁለት ከተማ ሆነች፦ ባንድ በኩል ጠባብ መንገድና የጭቃ ቤት ያለው አሮጌው ሰፈር፣ በሌላው በኩል ቀጥ ያለ ጎዳና ያለው የሩሲያኖች ከተማ።

የአሮጌው ከተማ ሰዎች የሚኖሩት «ማሃላ» በሚሉት ሰፈር ተከፋፍለው ነው። ማሃላ ልክ እንደኛ እድር የጋራ ድስት፣ ሳህንና ወንበር አለው። ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ወንዶች ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ይሸከማሉ። ሽማግሌውን «ነጭ ጺም» ብለው ይጠሩታል። ቤት ለሚሠራ ሰውም በደቦ ይወጣሉ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጦር ሜዳ የሸሹ ብዙ ሰዎችና ወላጅ አልባ ልጆች ወደዚያ መጡ። ሻአሕመድ ሻማሕሙዶቭ የሚባል ቀጥቃጭና ባለቤቱ ባሕሪ አክራሞቫ ዘራቸው የተለያየ 15 ልጆች ወስደው አሳደጉ።

ትልቁ መከራ የመጣው ሚያዝያ 26 ቀን 1966 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 18 ቀን 1958 ዓ.ም.። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ መሬት ከከተማዋ ሥር ተንቀጠቀጠ። በድንጋይ ስም ትጠራ እንጂ ብዙዎቹ ቤቶቿ የጭቃ ነበሩና ፈረሱ። የሞተው ሰው ጥቂት ነው ቢባልም፣ 300,000 ያህል ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ከመላው ሶቪየት ሠራተኛ መጥቶ ከተማዋን እንደ አዲስ ሠራት። በ1977 ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡር ተከፈተላት። ነገር ግን ግቢ ለግቢ ይተዋወቅ የነበረው ጎረቤት ፎቅ ለፎቅ ተበታተነ። ቢሆንም በፎቁ መካከል አዳዲስ ማሃላ ተቋቋመ፤ ቀብሩም ሠርጉም ቀጠለ።

ኡዝቤኪስታን በ1991 ነፃ ከወጣች በኋላ መንግሥት ማሃላን በሕግ አቋቋመው፤ የድሆችንም ድጎማ በሱ በኩል ማደል ጀመረ። ማን እንደተቸገረ ጎረቤት ስለሚያውቅ ይህ ጥሩ ነው። ግን ማሃላው ስለ ነዋሪው ለመንግሥት የሚያስታውቅ ቢሮም ሆነ፤ ይህ ደግሞ ሰውን አስፈራ። በቅርብ ዓመታትም ለአዳዲስ ሕንፃ ሲባል አሮጌ ሰፈሮች በመፍረሳቸው ነዋሪዎች ብዙ አዝነዋል።

እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ላይ የጨረስኩ ጸሐፊ ነኝ። መዝገብ የማያውቀውን ችግር ጎረቤት ያውቃል። ጎረቤት ራሱ መዝገብ ያዥ ሲሆንበት ግን ሰው ችግሩን ይደብቃል። ታሽከንትን የመሬት መንቀጥቀጥ ቤቷን እንጂ ጎረቤትነቷን አላፈረሰባትም። ጎረቤትነትን የሚጎዳው መተማመን ሲጠፋ ነው።

እኛም ድንኳናችንንና ድስታችንን ስንጠብቅ፣ ከሁሉ በፊት መተማመናችንን እንጠብቅ እላለሁ።